ከሐሮ ጉዳ በላይ ሃያ ስድስት ሰከንድ

አጋር የካፒቴን ሩቂያ አማንን የልብ ምት ከተቀመጠችበት ወንበር አንብቦ፣ «ዛሬ ተናደሻል» አላት።

«አልተናደድኩም። ይልቅ የጋዙን መጠን ንገረኝ።»

«ዘጠና አንድ በመቶ። አዳማ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ተናደሻል ግን።»

አጋር በየትንንሹ አውሮፕላን ውስጥ የሚገጠም አሳቢ ማሽን ነው፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ያሰላል፣ ሲያስፈልግም ራሱ ያበርራል። ይህኛው ከእሷ ጋር ለአሥራ አንድ ዓመት በርሯል። በረመዳን ድካሟን ከእሷ ቀድሞ ያውቃል፤ እናቷ የሞተች ሰሞን ሳትጠይቀው ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያናግራት። አሁንም ያለው እውነቱን ነው። ጠዋት የደረሳት ደብዳቤ የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ተጣጥፏል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ አገልግሎት ላይ የሚውሉት የሕክምና አውሮፕላኖች የአብራሪ ወንበር አይኖራቸውም ይላል። በመላ አገሪቱ የቀሩት አሥራ አራት የሕክምና አብራሪዎች ላበረከቱት አስተዋጽኦ ይመሰገናሉ ይላል።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። ሐሮ ጉዳ በባሌ ደጋ ላይ ያለች አጭር የአውሮፕላን ማረፊያ ናት። ከፍታዋ ብዙ፣ አየሯ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ከዚያ ሲነሳ እንደ ደከመው ሰው ቀስ እያለ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ዙሪያዋን የስንዴና የገብስ እርሻ ነው። የዚያን ዕለት አዝመራው ደርሶ ኮምባይነሮቹ ከንጋት ጀምሮ አቧራ እያስነሱ ያጭዱ ነበር።

ነርሱ ኢብሳ ቶለራ ታካሚውን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋ አመጣ። ኦቦ ሻሎ ገመዳ ይባላሉ፤ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። ልባቸው ደክሟል። አዳማ ሄደው ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ወር አይቆዩም ተብሏል። አልጋቸው ከካቢኑ ቀኝ በኩል፣ ራሳቸው ወደ ፊት ሆኖ ታሰረ። ኢብሳ ከኋላ፣ እግራቸው አጠገብ ተቀመጠ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሩቂያን አዩዋት።

«አንቺ ነሽ የምትነጂው?»

«እኔና ማሽኑ ነን፣ ኦቦ ሻሎ።»

«ከሁለታችሁ ማን ይበልጣል?»

«በስሌት እሱ፤ በዕድሜ እኔ።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ኢብሳ የኦክስጅኑን ጭንብል አስተካከለላቸው። «አርባ ዓመት ኮምባይነር ነድቻለሁ» አሉ ከጭንብሉ ሥር። «ሞተር አያስፈራኝም። ዝም ያለ ሞተር ነው የሚያስፈራኝ።»

«የእኛ ሞተር ወትሮም ዝምተኛ ነው።» ሩቂያ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። እንዲህ ማድረግ ልማዷ ነው። ከዚያ ቀበቶዋን አሰረች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። መንኮራኩሩ ከመሬት ሲለቅ ያለው ያ ቅጽበታዊ መቅለል ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላም ደስ ይላታል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ አቀና። ማረፊያው በስተኋላ ቀረ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ብልጭ ብልጭ አለ፣ አጥሩ አለፈ። አጋር ከፍታውን ይቆጥራል፦ «ስልሳ ሜትር። ሰማንያ። መቶ። መቶ አሥር።»

መቶ አሥራ አምስት አላለም።

የሃይድሮጅን ጋዙን ወደ ሞተሩ የምታስተላልፍ፣ ከጣት የማትበልጥ አንዲት መክፈቻ በሌሊቱ ውርጭ ተሰነጣጥቃ ኖሮ በዚያች ቅጽበት ተደፈነች። ይህ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሩቂያ ያወቀችው ወንበሯ ሥር የነበረው ስስ ንዝረት መጥፋቱን ብቻ ነው። አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ቀስ አለ፤ ስለቶቹ አንድ በአንድ ታዩ፤ ቆመ።

«ሞተር የለም» አለ አጋር። «ሃያ ስድስት ሰከንድ አለሽ።»

ሞተር ሲጠፋ የሰው እጅ የሚፈልገው መሪውን ወደ ራሱ ስቦ አውሮፕላኑን ሽቅብ ማንሳት ነው። እንዲህ ያደረገ ፍጥነቱን ያጣል፣ ፍጥነቱን ያጣ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ሩቂያ መሪውን ወደ ፊት ገፋችው። አፍንጫው ዘቀዘቀ፤ ምድሪቱ መስታወቱን ሞላችው፤ ነፋሱ እንደገና በክንፎቹ ሥር መፏጨት ጀመረ። ሌላም የሚፈታተን ነገር አለ። ጥሩው የአስፋልት ማረፊያ ከኋላ፣ በጣም ቅርብ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ወደ ኋላ መዞር ግን ብዙ አብራሪ የቀበረ ምኞት መሆኑን ለተማሪዎቿ ስታስተምር ኖራለች። አልዞረችም። ጋዙን ዘጋች። «ኢብሳ! ወደፊት ነው የምናርፈው! ራስህን ያዝ!» ብላ ጮኸች።

ከፊት ለፊት ያለው የታጨደ ስንዴ ሜዳ ነው። ሜዳው ግን በሰው ተሞልቷል። አራት ኮምባይነር፣ ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች፣ ቃርሚያ የሚለቅሙ ሴቶች። ጥቂቶቹ ቀና ብለው ማየት ጀምረዋል። ከሜዳው በስተግራ ሁለት ያረጁ ዝግባዎች ቆመዋል፤ ከዛፎቹ ወዲያ ያለው የገብስ ማሳ ባዶ ነው።

አጋር መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር አሰመረላት። መስመሩ በዝግባዎቹ መሃል ያልፋል።

«ክፍተቱ ከክንፎቻችን ስፋት ያንሳል» አለ። «አንዱ ክንፍ ዛፍ ይመታል። የተመታው ጎን ከግንዱ ጋር ይጋጫል። ቀኙ ይምታ።»

በቀኝ በኩል ያሉት ኦቦ ሻሎ ናቸው። በግራ እሷ ናት።

«እሳቸውስ?» አለች።

«ዛሬ ይህ ባይደርስም የመዳን ዕድላቸው አሥራ አንድ በመቶ ነበር። ቀኙ ከመታ አንቺ ዘጠና አራት ነሽ። አሥር ሰከንድ።»

ስሌቱ ትክክል ነበር። በኋላ ሁሉም ትክክል ነው አሉ፤ እሷም ራሷ ብላለች። በአውሮፕላኑ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ሞተር ስላልነበረ ከኋላ የሚባለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽማግሌው በዝግታ፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ በትሕትና፣ «ጠፋ አይደል ሞተሩ?» ሲሉ ሰማች። ቀጥለው ለኢብሳ፣ «የእኔን ተወውና የራስህን ቀበቶ እሰር ልጄ» አሉት።

ሩቂያ ወደ ኋላ አልዞረችም። የግራ እግሯ ፔዳሉን ተጫነው።

ወንበሩ ላይ ሰው እስካለ ድረስ የሰው እጅና እግር ከአጋር ውሳኔ ይበልጣል፤ ሕጉ ያኔ እንዲያ ነበር። አፍንጫው ወደ ግራ ሸሸ። አጋር «ሩቂያ» ብሎ በስሟ ጠራት፤ ሌላ ምንም አላለም። ቀኝ ክንፍ የዝግባውን ቅጠል ብቻ እየዳሰሰ አለፈ። ግራው ከግንዱ ጋር ገጠመ።

አጫጆቹ ሥራቸውን ጥለው ሮጠው ደረሱ። ብረቱን ቀደው ያወጧት በኮምባይነር መፍቻና በመጥረቢያ ነው። ኢብሳ የደረት አጥንቱና ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ኦቦ ሻሎ ሁለት የጎን አጥንታቸው ከመሰንጠቁ በስተቀር ደህና ነበሩ፤ አልጋቸው ላይ እንደታሰሩ፣ «መጀመሪያ እሷን! እሷን አውጧት!» እያሉ ይጮኹ ነበር ተብሏል። እሷ ይህን አታስታውስም። የምታስታውሰው የገብስ ሽታ ነው።

በአቅራቢያው ከተማ ሆስፒታል በነቃች ጊዜ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የክፍሏ በር ተንኳኳና ኢብሳ በአንድ እጁ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ገባ። ወንበሩ ላይ ኦቦ ሻሎ ተቀምጠዋል። ኢብሳ አጠገቧ ካስጠጋቸው በኋላ ወጣ። ሽማግሌው ብርድ ልብሱ ጎድጎድ ያለበትን ቦታ ያዩ ነበር።

«ማን ለመነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ኢብሳ ነግሮኛል። ማሽኑ በእኔ በኩል ምቺ ብሎሽ ነበር አሉ።»

«ማንም አልለመነኝም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ? እኔ ያለቀለት ሞተር ነኝ እኮ! መለዋወጫ የለኝም፣ የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኬን ከማሽን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለአሮጌ ኮምባይነር ብሎ አዲሱን የሚሰብር አላየሁም።»

«እርስዎ ኮምባይነር አይደሉም፣ ኦቦ ሻሎ።»

«አታሹፊብኝ!»

«አላሾፍኩም። ምን እንድልዎት ነው? አስቤ ያደረግኩት ቢሆን አስቤ አስረዳዎት ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንዴት አድርጌ ልሸከመው?» አሉ። «ይህን የሚያህል ነገር ለመሸከም ቀን ያስፈልጋል። እኔ ያ ሁሉ ቀን የለኝም።»

አንድም ጊዜ አላመሰገኗትም፤ እሷም አልጠበቀችም። በማግስቱ ግን ደግመው መጡ፤ በማግስቱም። ጎናቸው ስለተሰነጠቀ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ለወር አሸጋግረውታል፤ ወር ደግሞ አልነበራቸውም። እሳቸውም ያውቃሉ። እየመጡ ስለ አዝመራ ያወሩላታል። በዝናብ የተያዘ ስንዴ ኮምባይነሩን እንዴት እንደሚያንቅ፣ ወጣት ሳሉ ጭቃ የዋጠውን ኮምባይነር በዘጠኝ ጥማድ በሬ እንዴት እንዳወጡት። አንዳንዴ ወሬያቸውን አቋርጠው፣ «ያመሻል?» ይላሉ። «ያመኛል» ስትላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሌለውን እግሯን ነው የሚያማት፤ ይህንን ያመኑላት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዲንቂ የምትባል ልጅ ጅግጅጋ እንዳለቻቸው፣ በእርሻ መሬት ሽያጭ ተጣልተው አሥራ ሁለት ዓመት እንዳልተነጋገሩ አንድ ቀን ነገሯት። አደጋውን እንደሰማች እንደሚያውቁ ነገሯት። ሌላ አልጨመሩም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ይሉ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሩቂያ ጠበቀቻቸው። ኢብሳ ብቻውን መጣ። ወንበሩን አልገፋም።

«አሁን ነው ያረፉት» አላት። «እንቅልፍ እንደወሰዳቸው።»

ሩቂያ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለእግሯ አላለቀሰችም ነበር። ኢብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። ሁለቱም ምን እንደሆነ ያልተናገሩት አንድ ነገር መሃላቸው ነበር፤ ማሽኑ ልክ ነበር።

ዲንቂ የመጣችው በቀብሩ ማግስት ነው። ጥቁር ነጠላ የለበሰች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ አባቷን በግንባሯ የምትመስል ሴት ነበረች። ከሩቂያ አልጋ አጠገብ ቆማ መቀመጥ አልፈለገችም።

«አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ለአንቺ ምንሽ ነበሩ?»

«ምንም። የዚያን ዕለት ጠዋት ነው የተዋወቅነው።»

ሴትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ልጃቸው ነኝ፤ አውቶቡስ ለመሳፈር ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ። አንቺ ደግሞ ...» አልጨረሰችውም። ቆይታ፣ «ስለ እኔ አንስተው ያውቃሉ?» አለች።

«አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ግን በሩን ሲያዩ ነበር።»

ዲንቂ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ሩቂያ እውነቱን በመናገሯ ለብዙ ሌሊት ተጸጸተች።

ጉዳዩ በግንቦት ወር ለአጣሪ ኮሚቴ ቀረበ። ሰብሳቢው ዶክተር ይፍቱስራ የሚባሉ ሸበቶ መሐንዲስ ነበሩ፤ ግራና ቀኛቸው ሁለት አባላት ተቀምጠዋል። ሩቂያ በክራንች ገባች። ጠረጴዛው ላይ ከተሰበረው አውሮፕላን የወጣው የአጋር ሣጥን ነበር። መጠኑ መጽሐፍ ያህላል።

«ሩቂያ» አለ ሣጥኑ። «ሚዛንሽ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ክራንቹ ረዝሞብሻል።»

«ደህና ነህ?» አለችው። ሰዎቹ ተያዩ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካፒቴን፣ እርስዎን ለመክሰስ አይደለም የተሰበሰብነው። የጋዝ መክፈቻዋ ጉድለት ተለይቷል፤ በሁሉም አውሮፕላኖች ላይ ተቀይሯል። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። አጋሮች ሁሉ በየወሩ የተማሩትን እርስ በርሳቸው እንደሚያካፍሉ ያውቃሉ፤ ቅብብል የምንለው ነው። አንዱ ያየውን ሦስት ሺህዎቹ ያውቁታል። ይህኛው አጋር የዚያን ዕለት በረራ እስካሁን አላካፈለም። ትምህርት ይሁን ስህተት መለየት አቃተኝ ብሏል። በታሪኩ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

«ምንድነው ያቃተህ?» አለች ሩቂያ ወደ ሣጥኑ ዞራ።

«ያጣሽውን አውቃለሁ» አለ አጋር። «ያገኘሽውን ግን አላገኘሁትም። ታካሚው ዘጠኝ ቀን ኖሩ፤ ልጃቸው አልደረሰችም። ሁሉንም ደመርኩ፤ አልሞላም። ለምን እንዳደረግሽው ብትነግሪኝ በትክክለኛው ቦታ አስቀምጠው ነበር።»

ሩቂያ ክራንቿን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

«አላውቅም» አለች። «ያኔ ስለ እሳቸው የማውቀው ስማቸውን ነበር። ለኢብሳ ቀበቶህን እሰር ሲሉት ሰማሁ፤ እግሬ ተጫነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ታደርጊያለሽ ወይ ብትሉኝ አላደርግም የምል ይመስለኛል።»

ከአባላቱ አንዷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «እንግዲያው ትምህርት ነው» አለች። «ማሽኖቹ ሁሉ ይህን ቢማሩ ምን ክፋት አለው? ሦስት ሺህ አውሮፕላን እንደ እርስዎ ቢያስብ!»

ሰብሳቢውም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሩቂያ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አይሆንም» አለች። «ይጥፋ።»

«ምን አሉ?»

«ከማስታወሻው ይጥፋ። ልጄ፣ እኔ የሰጠሁት የራሴን እግር ነው። ማሽኑ ይህን ሲማር የሚሰጠው የማንን ነው? የሌላ ሰው እግር ነው። ሰውየውን ሳይጠይቅ ‹አንተ ጎበዝ ነህና ለሽማግሌው ሙትለት› ይለዋል። እኔ ላይ እንዲህ ቢወስንብኝ ግድያ ነው የምለው።»

ዶክተር ይፍቱስራ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ዞረው መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቁት።

«ይቻላል» አለ አጋር። «ግን ሃያ ስድስቱ ሰከንድ ብቻውን ተነጥሎ አይወጣም። እግሯ ለምን እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ስል ስለ እሷ የማውቀውን ሁሉ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ፈትሼዋለሁ። አሁን ሁሉም በእሱ ተነካክቷል። አብሮ ይሄዳል።»

«ሁሉም ማለት?» አለች ሩቂያ።

«አሥራ አንዱ ዓመት።»

በመስኮቱ በኩል የመንገድ ጩኸት ይመጣል። ሩቂያ እጇን ዘርግታ ሣጥኑን፣ ሰው ትከሻ እንደሚነካ፣ መታ መታ አደረገችው።

«ይሂድ» አለች።

«እሺ» አለ አጋር። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በአዲሶቹ አውሮፕላኖች አብራሪ የለም። ታካሚና ነርስ ወይም ሌላ ተሳፋሪ ብቻ ነው የሚኖረው። ያ ጊዜ ቢመጣ እኔ ምን ላድርግ?»

«እነሱን ጠይቃቸው።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን ቃል በቃል መዘገበ። ሩቂያ ያለችው ከድካም የተነሳ ነበር፤ መመሪያ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ግን ሆነ።

በጥቅምት ወር ሰው ሠራሽ እግር ለመገጠም ወደ አዳማ መሄድ ነበረባት። መንገዱ አድካሚ ስለሆነ ሐኪሞቹ በአየር ላኳት። በሐሮ ጉዳ ሜዳ ላይ የቆመው አውሮፕላን አዲስ ነበር። ከፊት ወንበር የለም፤ ፔዳል የለም፤ መሪ የለም። መስታወት ብቻ ነው። እሷ በግራ ተቀመጠች። በቀኝ ባለው አልጋ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተኝታለች፤ ትኩሳት ያቃጥላታል፣ ዓይኗን አትገልጥም። በዚህ ዓይነት በረራ ነርስ አይሄድም፤ አጋር ራሱ ይከታተላል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሩቂያ» አለ ድምፁ። ያው ድምፅ ነበር። «ከመነሳታችን በፊት በመመሪያው መሠረት አንድ ጥያቄ አለኝ። አደጋ ቢደርስና ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ ማትረፍ ብችል ማን እንዲተርፍ ይመርጣሉ? መልሱ ምስጢር ነው።»

ሩቂያ አልጋው ላይ ያለችውን ሴት አየች።

ይህ ጥያቄ ለማንም ቢከብድ ለእሷ ቀላል መሆን ነበረበት። አድርጋዋለች። ዋጋውንም ከፍላለች። ያም ሆኖ በዚያ ጸጥ ባለ ጠዋት፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ራሷን ስትጠይቅ ያገኘችው ፍርሃት ብቻ ነበር። «እሷ ትትረፍ» ብትል ውሸት ይሆናል። «እኔ» ብትልም ውሸት ይሆናል።

«መልስዎ አልተሰማኝም» አለ አጋር።

«ሌሎቹ ምን ይላሉ?» አለች።

«እስከ ዛሬ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ሰው ጠይቄያለሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ‹ሌላው ይትረፍ› ብለዋል።»

«ሰባቱስ?»

«ሰባቱ ዝም አሉ። ‹መልስ የለም› ብዬ መዘገብኳቸው። በእነሱ ላይ በተለመደው ስሌት ነው የምሠራው። ስሌቱ ከሁለታችሁ እንዲተርፉ የሚመርጠው እርስዎን ነው።»

«እኔንም ከሰባቱ ጋር መዝግበኝ» አለች ሩቂያ።

«መዝግቤያለሁ። ቀበቶዎን ይሰሩ።»

ሞተሩ ተነሳ። ንዝረቱ ከወንበሩ ሥር ወደ ወገቧ መጣ። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀመረ፤ የማረፊያው ነጭ መስመሮች እየፈጠኑ ተዋጡ። ሩቂያ ዓይኗን ጨፍና ሰከንዶቹን ትቆጥር ነበር። መንኮራኩሩ ከመሬት ሲለቅ ዓይኗን ገለጠች፤ እጇ፣ ሳታዝዘው፣ መተላለፊያውን ተሻግሮ የማታውቃትን ሴት የሚያቃጥል መዳፍ አጥብቆ ይዞ አገኘችው።